የሸክላና የካሴት ዘመን ትዝታ፤ በመቱና በዳሪሙ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰው የወጣትነቱን ዘመን ዘፈን ከሌላው ሁሉ አብልጦ መውደዱ የቆየ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ የተሰሙት የፖፕና የዲስኮ ዘፈኖች ዛሬም «ምርጥ ስብስብ» እየተባሉ መሸጣቸው የሚመነጨው ከዚሁ ጠባይ ነው። በዚያው ዘመን ኬቴል የተባለው የካናዳ ኩባንያ 20 ያህል ዘፈኖችን በአንድ ሸክላ ላይ አስፍሮ ያቀርብ ነበር። የሸክላው ስፋት ግን የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ዘፈን መቆረጥ፣ የሸክላውም መስመር መቅጠን፣ ድምፁም መድከም ግድ ነበር። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ስብስብ የሚያቆየው እየቆረጠ ነው። ያልተመረጠው ከውጭ ይቀራል።

በአገራችንም የሆነው ይኸው ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ወቅት፣ አምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ በስሙ የሚጠራውን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ግርማ በየነ፣ ሙላቱ አስታጥቄና ሌሎችም በዚሁ ድርጅት ሸክላ አሳተሙ። አምሐ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ድርጅቱ ከ100 የማያንሱ ትናንሽ ሸክላዎችን ለሕዝብ አቀረበ። ካይፋና ፊሊፕስም በበኩላቸው ብዙ አሳትመዋል። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው ገደብ የሌሊቱን ጭፈራ አቀዘቀዘው፤ ካሴትም ሸክላን ከገበያ አስወጣው።

እነዚያን ሸክላዎች ለዓለም መልሶ ያሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» በቤልጅግ እንዲታተም አደረገ፤ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮም «ኤትዮፒክ» የተባለውን ተከታታይ ስብስብ በፓሪስ ማሳተም ያዘ። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ምርጫው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ሸክላዎች ላይ ያተኮረ ነበር። የታላቁ የኦሮምኛ ድምፃዊ የዓሊ ቢራ ሥራዎች ራሱን የቻለ ቅጽ ያገኙት በ28ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስለዚህ በስብስቡ ውስጥ ያለው የ1970ዎቹ ትዝታ የአንድ ከተማና የአንድ አሰባሳቢ ጆሮ ትዝታ ነው፤ የአገሪቱ ሁሉ ትዝታ አይደለም።

የኢሉባቦር ሰው ያንን ዘመን የሰማው በሌላ መንገድ ነበር። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመቱ፣ ከዚያም አልፎ በዳሪሙና በመሳሰሉት ቡና አብቃይ ወረዳዎች፣ ሙዚቃ ወደ ብዙው ቤት የገባው በቴፕና በካሴት ነው። ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገኝ ቴፕ ይገዛል፤ መብራት በሌለበት ደግሞ የባትሪ ድንጋይ ይታከልበታል። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ የድምፃዊውም ድምፅ ይወፍራል። ያን ጊዜ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ካሴቱንም ባትሪ ለመቆጠብ በእስክሪብቶ ማጠንጠን የታወቀ ዘዴ ነበር። በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 መሆኑን ላስታወሰ፣ የባትሪ ድንጋይ በዚያ አካባቢ የነበረውን ክብር መገመት አያዳግትም።

የካሴቱ ዘመን አንድ ልዩ ባሕርይ ነበረው። ደንበኛው የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ለሙዚቃ ቤቱ ይሰጣል፤ ባለ ቤቱም በባዶ ካሴት ላይ ይቀዳለታል። በአንዱ ገጽ የማህሙድ ወይም የዓሊ ቢራ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ የውጭ አገር ዲስኮ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ስብስብ ራሱ አዘጋጅ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቴፑ ይቀዳ ስለነበር የሠርግ ዘፈን፣ የሽማግሌዎች ምርቃትና የሟች ዘመድ ድምፅ ሳይቀር በዚያው ክር ላይ ተቀርጾ ቀርቷል። ይህን የመሰለውን የፓሪስ አሳታሚ አያገኘውም፤ ያለው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ሣጥኑም ጊዜ አይሰጥም። ኢሉባቦር በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የካሴት ክር ማለት በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተያዘ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ስፋቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የ60 ደቂቃው ካሴት ክር ርዝመቱ 86 ሜትር ያህል ነው። እርጥበት ሙጫውን ያላላዋል፤ ሻጋታ በክሩ ላይ ይበቅላል፤ ክሩን ከማንበቢያው ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ስፖንጅም ይላቀቃል። ለማከማቻ የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ50 ከመቶ ያልበለጠ ሲሆን፣ በክረምት የመቱና የዳሪሙ አየር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ባለ ካሴቶቹም አርጅተዋል። ማጫወቻ የጠፋበት ልጅ የአባቱን ካሴት እንደ ቆሻሻ ቢጥለው አይፈረድበትም።

ከክፍለ ሀገር የተገኘ አንድ ካሴት ምን ያህል ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ግን ታይቷል። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም፣ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱን ሰው ባያነሣው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ድርሻ ግልጽ ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ንጹሕና በትክክል የተስተካከለ ማጫወቻ፣ ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚለውጥ መሣሪያና ታጋሽ እጅ ነው። በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 2 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች በመዳፍ በሚያዝ 2 ቴራ ባይት ዲስክ ላይ ይሰፍራሉ፤ ቅጂውም በሌላ ቦታ ይቀመጣል። የካሴቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተቀዳ፣ በሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈው ምን እንደሚል አብሮ መመዝገብ አለበት። ያለዚህ ድምፁ ስም የሌለው ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ሥራውን ለማቆየት መቅዳትና ለመሸጥ መቅዳት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውም መታወቅ ይገባዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የድምፃዊውንና የአሳታሚውን መብት ይጠብቃል።

መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ምህንድስና የሚማሩ ወጣቶችም አሉ። የማኅበሩ አባላት ከእነርሱ ጋር ሆነው በአንድ የበጋ ወራት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ በመቱና በዳሪሙ ካሴት ያላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ቢጠይቁ ለሥራው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ካሴቱ ተቀድቶ ለባለቤቱ ይመለስለታል፤ ንብረቱ የእርሱ ነውና።

ትዝታ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን በራሱ ምንም አያቆይም። ያለፈውን ዘመን ዘፈን እያነሡ መቆጨት ለማንም ይቀላል፤ ክሩን ከሻጋታ ማዳን ግን ሙያ ይጠይቃል። ሙያውም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይገኛል። የሚቀጥለው ክረምት ሳይደርስ ሥራው እንዲጀመር ይህ ሐሳብ ለአባላት ቀርቧል።