ከሁለት እውነት የተሠራ ሐሰት



ሐናንያ መሬቱን ሸጦ በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖረው ገንዘብ ሐሰተኛ ገንዘብ አልነበረም። ብሩ እውነተኛ፥ መሬቱም በእርግጥ የተሸጠ ነበር። ጥፋቱ ከዋጋው ከፍሎ አስቀርቶ፥ የቀረውን ሙሉ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ገንዘብ ፍቅር ብቻ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ጋዜጣ ፎቶግራፍ ልንናገርበት እንወዳለን።

በ1995 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 መሆኑ ነው፥ የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ በኢራቅ ጦርነት በባስራ ከተማ ዳርቻ ነበረ። አንድ የእንግሊዝ ወታደር የአገሩ ሰዎች ከተኩስ እንዲጠለሉ በእጁ ሲያመለክት አነሣው። በሌላው ፎቶግራፍ ደግሞ ሕፃን የታቀፈ ሰው ከተቀመጡት መካከል ቆሞ ይታያል። ሁለቱም የአንድ ስፍራና የአንድ ዐይን ምስክርነት ናቸው። ነገር ግን በአንደኛው የወታደሩ አኳኋን፥ በሁለተኛው የሰውዬው አቋም አማረውና፥ በኮምፒዩተር ቀጥሎ አንድ አደረጋቸው። ጋዜጣው መጋቢት 22 ቀን በፊት ገጹ አወጣው። ሥዕሉ ግሩም ነበረ፤ እንዲህ ያለ ቅጽበት ግን በዚያ ቀን በምድር ላይ አልነበረም።

ያንኑ ፎቶግራፍ ያተመ የሌላ ጋዜጣ ሠራተኛ፥ ከኋላ ከተቀመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ መታየታቸውን አስተዋለ። ፎቶግራፍ አንሺውም ሲጠየቅ አልካደም፤ ሥዕሉን ለማሳመር ብሎ ማድረጉን ተናገረ። ሥዕሉ በወጣ በማግሥቱ ከሥራው ተሰናበተ።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ፦ «በስቅለቱ ሥዕል ግርጌ ወድቆ የሚታየው አሳሣይስ ጎልጎታ ነበረን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። አልነበረም፤ ሠዓሊውም ነበረ አላለም፤ ሥዕሉን የሚሳለመውም ምእመን አይሳሳትም። ጻድቁን በሁለት ዐይን፥ ኃጥኡን በአንድ ዐይን የሚሥል እጅ ያስተምራል እንጂ በዐይኔ አየሁ ብሎ አይመሰክርም። የጋዜጣ ፎቶግራፍ ግን ዋጋው ሁሉ «በቦታው ነበርሁ፥ እንዲህም አየሁ» ማለቱ ነው። ስለዚህ የጨለመውን ጥቂት ማብራት፥ ከዳር ያለውን ትርፍ መቍረጥ በሞያው የተፈቀደ ሲሆን (ቈርጦም መዋሸት እንዲቻል አንዘነጋም)፥ ያልነበረውን መጨመርና የነበረውን መፋቅ የተከለከለ ነው።

የተፋቀው ትንሽ ነገር ቢሆንስ? በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር አሶሺዬትድ ፕሬስ ለተባለው የዜና ድርጅት በሶርያ ጦርነት የሠራ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ፥ ከአንድ ተዋጊ ሥዕል ማዕዘን ላይ የባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ መፋቁን ራሱ ለአለቆቹ ነገረ። ካሜራዪቱ ኖረች አልኖረች የጦርነቱ ወሬ አይለወጥም። ሰውዬውም ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ሶርያ ፎቶግራፎች የፑሊትዘር ሽልማት የተካፈለ ነው። ድርጅቱ ግን ከእርሱ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ፤ የላካቸውንም ወደ 500 የሚጠጉ ፎቶግራፎች መረመረ። ሌላ ጥፋት አላገኘም።

ይህን ፍርድ ስንሰማ መጀመሪያ ከበደን። በሞት ፊት ቆሞ የሠራ ሰው ነው፤ ደግሞም ራሱ ተናዘዘ፤ የተናዘዘውን መግፋት ምን ይባላል? አልን። ስናስበው ግን ይቅርታና ምስክርነት ልዩ ልዩ ነገሮች ሆነው አገኘናቸው። እርሱን ይቅር ማለት ይገባል። ዳሩ ግን አንዲት የሶርያ እናት የሞተ ልጅዋን በፍርስራሽ መካከል ታቅፋ ስትታይ፥ የገደለው ወገን «ይህ የተሠራ ሥዕል ነው» ብሎ ሊክድ ቢነሣ፥ ከዚያ ፎቶግራፍ በቀር ማን ይቆምላታል? አንዲት ካሜራ ስለ ተፋቀች ካጂው የሚጠቅሰው ምክንያት ያገኛል፤ ዕዳውም የሚወድቀው በእርስዋ ላይ ነው።

ዛሬማ ሰውም ካሜራም ሳይኖር፥ ፎቶግራፍ የሚመስል ሥዕል በቃል ትእዛዝ ብቻ ከኮምፒዩተር ይወጣል። እኛም የሟች ሥዕል በስልካችን ሲደርሰን፥ ማን አነሣው፥ የትና መቼ ሳንል ለወዳጆቻችን እናስተላልፋለን። የሌላ አገር፥ የሌላ ዓመት ሥዕል መሆኑ ሲነገረን እንኳ «በደሉ እውነት አይደለምን?» ብለን እንመልሳለን። በደሉማ እውነት ነው። በዚያ በደል የሞተው ሰው ግን ሌላ ነው፤ የእርሱን ፊት ገና ማንም አላየውም።