የተለማማጁ ቆብ፦ ስለ ዋልት ዲስኒ የቪዲዮ አርማዎች



የዛሬው ርእሴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ፊልሙ ሊጀምር ሲል ለጥቂት ሰከንዶች ታይቶ የሚጠፋ የአከፋፋይ አርማ ለሕዝባዊ ንግግር ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ቢነሣ አይደንቀኝም። ይበቃል ባይ ነኝ። አርማ ማኅተም ነው፤ ዲስኒ በቪዲዮ ካሴቶቹ ላይ ያተመው ማኅተም ደግሞ ኩባንያው ምን ይፈራ እንደነበር ሳያስበው ይናገርበታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዩኒቨርሳልና ዋልት ዲስኒ ሶኒን ከሰሱ። ቤታማክስ የተባለው መቅረጫ ማንም ሰው ሥራችንን ከቴሌቪዥን እንዲገለብጥ ያስችላልና አምራቹ ይጠየቅልን ነው አቤቱታቸው። በ1979 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ለሶኒ ፈረደ፤ በ1981 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፤ በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ዳግመኛ ለሶኒ ወሰነ። ክርክሩ ገና ሳይቋጭ ግን ዲስኒ ራሱ በ1980 ካሴት እያባዛ ማከፋፈል ጀምሮ ነበር።

ሰብሳቢዎች “ኒዮን ሚኪ” የሚሉት ቀደምት አርማ የዚያን ጊዜ ልጅ ነው። በጥቁር መደብ ላይ የኒዮን መብራት በሚመስሉ ባለቀለም መስመሮች ሚኪ ማውስ ብቅ ይላል። ለእኔ ይህ አርማ ስለ ፊልም የሚናገረው እምብዛም ነው፤ የሚያስተዋውቀው አዲሱን መሣሪያ፣ የኤሌክትሮኒክስን ብልጭታ ነው።

ቀጥሎ ዋጋው ተለወጠ። ፒኖኪዮ በ1985 በካሴት ሲወጣ 79.95 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ይህን የሚከፍለው በአብዛኛው አከራይ ሱቅ ነው። በ1986 ስሊፒንግ ቢውቲ በ29.95 ዶላር ቀረበች። ካሴቱ ከሱቅ መደርደሪያ ወደ ቤት ገባ፤ ልጆችም ያንኑ ፊልም፣ ከፊቱም ያንኑ አርማ፣ ደጋግመው የሚያዩ ሆኑ። ኒዮኑ ጠፍቶ ቀይ ካባ የለበሰውና ከዋክብትና ጨረቃ የተሣሉበትን ሰማያዊ ቆብ የደፋው አስማተኛው ሚኪ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህ ሚኪ ከ1940ው ፋንታሲያ የተወሰደ ነው፤ ታሪኩም በጎተ ግጥምና በፖል ዱካ ሙዚቃ ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን አስማተኛ ብንለውም አስማተኛ አይደለም፤ ተለማማጅ ነው። ጌታው ሲተኛ ቆቡን ሳያስፈቅድ ይደፋና መጥረጊያው ውኃ እንዲቀዳለት ያዘዋል። መጥረጊያው አልቆም ሲለው በመጥረቢያ ይከታትፈዋል። እያንዳንዷ ስንጣሪም ሙሉ መጥረጊያ ሆና ትነሣለች፤ ቤቱ በውኃ ይጥለቀለቃል። ያለ ፈቃድ መባዛትንና የማይቆም ቅጂን በተመለከተ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም። ቅጂን ለማስቆም ስምንት ዓመት የተሟገተ ኩባንያ የቪዲዮ ማኅተሙ ያደረገው ይህን ተለማማጅ ነው። ታስቦበት ነው ብዬ አልከራከርም፤ የተመረጠው የታወቀና የተወደደ ምስል በመሆኑ ይመስለኛል። በፊልሙ ጌታው ተመልሶ ውኃውን ይከፍለዋል፤ በ1984 ግን ፍርድ ቤቱ ያን ጌታ ለመሆን አልፈቀደም።

እኔ ይህን አርማ መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቅጂ ቅጂ በተቀዳ ካሴት ላይ ነበር። በቪኤችኤስ ላይ ከምስሉ ዝርዝር ይልቅ ቀለሙ በጠበበ ስፋት ስለሚቀረጽ፣ በተገለበጠ ቁጥር ቀይ ከመስመሩ እያለፈ ይፈሳል። የሚኪ ካባ ትከሻው ላይ አልረጋ ካለ ካሴቱ ብዙ እጅ እንዳለፈ እናውቅ ነበር። የባለቤትነት ማኅተም ከነፊልሙ ተገልብጦ የቅጂ ብዛት መለኪያ ሆነልን።

የዲቪዲው ዘመን ብዙ አያቆየኝም፤ ትልቁ ለውጥ አምራቹ የመዝለያውን ቁልፍ መቆለፍ መቻሉ ነበር። ከዚያም በ2019 ዲስኒ ፕላስ መጣ፤ ፊልሙ ካሴትም ዲስክም ስላልሆነ የካሴቱ ማኅተም ሥራ አጣ። በ2024 ደግሞ ዲስኒ በአሜሪካና በካናዳ የዲስኮቹን ሥርጭት ለአንድ ኩባንያ አስረከበ። ያ ኩባንያ ሶኒ ነው።

ፊልሞቹ በየጊዜው ይታደሳሉ። አርማው ግን የፊልሙ አካል ስላልሆነ አዳሽ የለውም፤ የተረፈው አሮጌ ካሴት ያልጣሉ ግለሰቦች ስለገለበጡት ነው። እኔ የራሴን ካሴቶች ቪሲዲ የመጣ ጊዜ ጥያለሁ፤ ካባው የፈሰሰበት ካሴትም አብሮ ሄደ። በየቤታችሁ የቀረ ካሴት ካለ ወደ ቢሮዬ አምጡልኝ። ማጫወቻው አሁንም ይሠራል።