ስለ ገንዘብ አከፋፈልና ስለ ገቢ ምስክርነት



በዚህ በአሜሪካ ምድር ሱቅ ከፍታችሁ፥ ምግብ ቤት አቋቁማችሁ፥ ወይም መኪና እየነዳችሁ ቤተ ሰባችሁን የምታስተዳድሩ ወገኖቼ ሁሉ፥ የጃንዋሪ ወር ባለቀ ቍጥር በፖስታ የሚደርሷችሁን 1099 የሚል ቍጥር የታተመባቸውን ወረቀቶች ታውቋቸዋላችሁ። ነገር ግን አንዱ ወረቀት ከደንበኛ፥ ሌላው ከካርድ ኩባንያ የሚመጣበትን ምክንያት፥ ለአንዱ ሥራ ወረቀት መጥቶ ለሌላው ሥራ ሳይመጣ የሚቀርበትንም ምክንያት አጥርቶ የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ ትጉሃን ሰዎች ያለ በደላቸው ሲጨነቁ ስላየሁ፥ ዛሬ በጉባኤያችሁ ፊት ይህንኑ ነገር ላብራራ ተነሥቻለሁ።

የገቢ ግብር የሚታሰበው ሰው ሠርቶ ባገኘው ላይ ነው እንጂ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈበት መንገድ ላይ አይደለም፤ በጥሬ ገንዘብም ይሁን በቼክ፥ በካርድም ይሁን በስልክ የተቀበለ ሰው፥ ወረቀት ቢመጣለትም ባይመጣለትም፥ ያገኘውን ማስታወቅ ይገባዋል። የአከፋፈሉ መንገድ የሚለውጠው፥ ስለዚያ ገቢ በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በአይ.አር.ኤስ. ፊት ስምዕ ሆኖ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ነው፤ ይኸውም ከፋዩ ራሱ፥ ወይም ገንዘቡን ያስተላለፈው ድርጅት።

ቀድሞ ለሥራ የተከፈለን ገንዘብ የማስታወቅ ግዴታ የከፋዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በጁላይ ወር፥ የቤት ዕዳ አገሩን ባናወጠበት ዘመን የወጣው ሕግ ግን፥ ስለ ቤት ከሚናገሩት አንቀጾቹ መካከል ስለ ካርድ ክፍያ የሚደነግግ አንድ አንቀጽ አስገብቶ፥ የነጋዴዎችን የካርድ ክፍያ የሚያወራርዱ ባንኮችና እንደ ፔይፓል ያሉ አስተላላፊ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ነጋዴ ያስተላለፉትን ገንዘብ በየዓመቱ እንዲያስታውቁ አዘዘ። ከ2011 ክፍያዎች ጀምሮ የሚወጣው 1099-ኬ የተባለው ወረቀት የዚህ አንቀጽ ፍሬ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት በ2025 ግድግዳዋን ለቀባላትና ቧንቧዋን ለጠገነላት፥ በግሉ ለሚሠራ ባለሙያ፥ በቼክ 1,500፥ በጥሬ ገንዘብ 400፥ በክሬዲት ካርድ ደግሞ 900 ዶላር ከፈለች እንበል። ድምሩ 2,800 ነው፤ እርሷ ግን 1099-ኤን.ኢ.ሲ. በተባለው ወረቀት ላይ የምትጽፈው 1,900 ብቻ ነው፤ 900ውን የሚያስታውቅ የካርዱን ሒሳብ የሚያወራርደው ባንክ ነውና። ለጥንቃቄ ብላ ሙሉውን 2,800 ብትጽፍ፥ በአንዱ ገንዘብ ላይ ሁለት ምስክር ቆሞ፥ ምስኪኑ ባለሙያ ያላገኘው 900 ዶላር እንዳገኘ ተቈጥሮበት ደብዳቤ ይደርሰዋል። በቼክ የከፈለችው 500፥ በካርድ የከፈለችው 2,300 ቢሆን ኖሮ ደግሞ፥ 500 ከ600 ዶላሩ ወሰን በታች ስለሆነ ምንም ወረቀት ባላስፈለጋት ነበር። ይህ የ600 ወሰን ከ2026 ክፍያዎች ጀምሮ ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ባለሙያው ሥራውን ሳይጀምር ስሙንና የግብር ቍጥሩን በደብልዩ-9 ቅጽ ማስሞላትም አይዘንጋ፤ ቍጥሩን አልሰጥም የሚል ሰው ካለ፥ ከሚከፈለው ላይ 24 በመቶ ቀንሶ ለመንግሥት ማስገባት የከፋዩ ግዴታ ነው። አብያተ ክርስቲያናትና የዕርዳታ ማኅበራት ትርፍ ባይሹም በዚህ ሥርዐት እንደ ነጋዴ ከፋይ ይቈጠራሉና የደብር ገንዘብ ያዦችም ይህን ልብ ይበሉ።

ወገኖቻችን ይልቁን የሚሳሳቱት በስልክ በሚላክ ገንዘብ ላይ ነው። ዜል ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ያሻግራል እንጂ ገንዘቡን ራሱ ይዞ የሚያወራርድ ስላልሆነ 1099-ኬ አያወጣም፤ ስለዚህ በዜል የከፈለ ነጋዴ በቼክ እንደ ከፈለ ተቈጥሮ ማስታወቁ የራሱ ግዴታ ይሆናል። በፔይፓል፥ በቬንሞ ወይም በካሽ አፕ የንግድ ሒሳብ የተከፈለው ግን የአስተላላፊው ነው፤ አስተላላፊውም የሚያስታውቀው በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ እና ከ200 ክፍያ በላይ ያለፈለትን ሰው ነው። ይህን ወሰን የ2021 ሕግ ወደ 600 ዶላር አውርዶት፥ አፈጻጸሙ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ቈይቶ፥ በጁላይ 4 ቀን 2025 የጸናው ሕግ ወደ ቀድሞው መልሶታል። በበኩሌ መመለሱ ለጥቃቅን ነጋድያን ርኅራኄ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን በፔይፓል 15,000 ዶላር የተከፈለው ሰው ከደንበኞቹም ከድርጅቱም ወረቀት ሳይመጣለት ሊቀር ስለሚችል፥ ምስክር ያጣውን ገቢ ግብር የሌለበት አድርጎ የመቍጠር ፈተና ይገጥመዋል፤ ይህም ብርቱ ስሕተት ነው።

በካርድ ክፍያ ላይ ግን ወሰን የሚባል ነገር የለም፤ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ምንም ሳይቀነስለት ነው። በዋሽንግተን ከተማ 100 ዶላር የሚያወጣ ራት የበላ እንግዳ 10 ዶላር የሽያጭ ግብርና 20 ዶላር ጉርሻ ጨምሮ በካርዱ 130 ቢከፍል፥ ባንኩም 4 ዶላር የአገልግሎት ዋጋውን አስቀርቶ 126 ቢያስገባ፥ በ1099-ኬ ላይ የሚታየው 130 ነው። ከዚህም ውስጥ 10ሩ የከተማው፥ 20ው የአስተናጋጁ ነው። እንግዲህ የባንክ ገቢውን ብቻ አይቶ 126 የሚጽፍ ሒሳቡ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምለትም፤ ወረቀቱን ብቻ አይቶ 130 ሸጥሁ የሚል ደግሞ የሌላውን ሰው ገንዘብ በራሱ ላይ ያስመዘግባል። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው፥ በየምሽቱ ሒሳብ ሲዘጋ ከመሸጫው ማሽን የምትወጣውን፥ ሽያጩን፥ ግብሩንና ጉርሻውን ለይታ የምታሳየውን ቍራጭ ወረቀት ማስቀመጥ ነው። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወንድሞችና እኅቶችም እንዲሁ፥ 1099-ኬው ተሳፋሪው የከፈለውን ሁሉ የኩባንያውን ድርሻ ጨምሮ ስለሚያሳይ፥ ኩባንያው የወሰደውን በወጪነት መቀነስ እንዳይዘነጉ።

ጥሬ ገንዘብ የራሱ ሕግ አለው፤ ከአንድ ገዢ በአንድ ጊዜ ወይም ተያያዥ በሆነ ሁኔታ እየተከፋፈለ ከ10,000 ዶላር በላይ የተቀበለ ነጋዴ በ15 ቀን ውስጥ በ8300 ቅጽ ማስታወቅ አለበት፤ ከዚህ ለመሸሽ ሲባል ክፍያን መከፋፈልም በራሱ ወንጀል ነው።

በመጨረሻ የማነሣው፥ በስደት አገር አንዱ ለአንዱ ዋስ ሆኖ የቆመበትን ዕቁባችንን ነው። የዕቁብ ገንዘብ የአባላቱ ቍጠባ እንጂ የማንም ገቢ ስላልሆነ ግብር አይነካውም። ነገር ግን የዕቁቡ ሰብሳቢ ባለሱቅ ሆኖ፥ አባላቱ የሚጥሉትን በሱቁ የቬንሞ ሒሳብ ቢቀበል፥ ድርጅቱ ዕቁቡን ከሱቁ ሽያጭ የሚለይበት መንገድ የለውም። ሰብሳቢውን ሳይጨምር 20 አባላት በየወሩ 200 ዶላር ቢጥሉ፥ በዓመት 240 ክፍያ፥ 48,000 ዶላር ይሆንና ሁለቱንም ወሰን አልፎ 1099-ኬ ያስወጣል። እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ሰው ፈርቶ እንዳይጥለው አደራ እላለሁ፤ አስቀድሞ ወረቀቱን ያወጣው ድርጅት እንዲያርመው ይጠይቅ፤ ካልታረመለትም፥ ከ2024 የግብር ዓመት ጀምሮ የዓመት ግብር ማስታወቂያው አባሪ በሆነው በስኬጁል 1 ራስጌ ላይ በስሕተት በ1099-ኬ የተካተተ ገንዘብ የሚሞላበት ቦታ ስላለ በዚያ ይሙላው፤ ማን በየትኛው ቀን ስንት እንደ ጣለና ዕቁቡ ለማን እንደ ወጣ የሚያሳየውን መዝገብም ከግብር ወረቀቶቹ ጋር አያይዞ ያስቀምጥ። ለሚመጣው ዙር ደግሞ፥ የመጀመሪያው ዕቁብ ከመጣሉ በፊት፥ ከሱቁ የተለየ የግል ሒሳብ ይክፈት።