በቅጠል ውስጥ የተሸሸገች ሌባ

ሰላም፦ ዳዊት፣ ዛሬ ደግሞ የቲማቲም ቅጠል ይዘህ ስቱዲዮ ገባህ?

ዳዊት፦ እስቲ ወደ ብርሃኑ አንሺው። ምን ይታይሻል?

ሰላም፦ ነጣ ያለ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቦታ። መሃሉ ላይ ጥቋቁር ነገር አለ።

ዳዊት፦ ጥቁሩ ኩሷ ነው። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት እጭ፣ በቅጠሉ ላይኛና ታችኛ ቆዳ መካከል ገብታ ውስጡን በልታ፣ ልጣጩን ትታዋለች።

ሰላም፦ ቅጠል የምትሰረስር ዝንብም አለች አይደል? በምን እንለያቸው?

ዳዊት፦ የዝንቧ መንገድ ቀጭን ነው፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የቱታ ግን እንደ ኩሬ ይሰፋል። የዝንቧ እጭ እግር የላትም፤ ቱታ ግን እግር አላት፣ ከጭንቅላቷ ኋላም ጥቁር መስመር።

ሰላም፦ አስተዳደጓስ?

ዳዊት፦ እንቁላሏ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንዷ እንስት እስከ 260 ትጥላለች። እጯ በ4 ደረጃ ታድጋለች፤ መጀመሪያ ነጣ ያለች፣ ኋላ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ሮዝ የነካት። ከዚያ ብዙውን ጊዜ አፈር ውስጥ ገብታ ሙሽሬ ትሆናለች። ሙቀት ካገኘች ሁሉም በአንድ ወር ገደማ ያልቃል።

ሰላም፦ አገሯ የት ነው?

ዳዊት፦ ደቡብ አሜሪካ። በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን ታየች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛም ጋ ደረሰች።

ሰላም፦ ገበሬዎቻችን ምን ያድርጉ?

ዳዊት፦ እጯ ስለምትሸሸግ መድኃኒት በቀላሉ አያገኛትም። ስለዚህ ቅጠሉን በየሳምንቱ እየገለበጣችሁ እዩ፤ የተጎዳውን ልቀሙ፤ ከምርት በኋላም ቅሪቱን ማሳ ላይ አትተዉ።