በወረርሽኝ ጊዜም የሕፃናት ክትባት አይቋረጥ
ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተደረገ ንግግር



የኮሮና ቫይረስ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድን ፈርተው የልጆቻቸውን የክትባት ቀጠሮ ያሳለፉ እናቶች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ ነው አንልም፤ ሰው ከሚበዛበት ስፍራ ራቁ ብለን የመከርነው እኛው ነንና። ምክሩ ግን ክትባትን አይጨምርም። ለምን እንደማይጨምር ለማስረዳት ኩፍኝን ማንሳት ይበቃል።

ኩፍኝ ከኮሮናም ይልቅ ፈጥኖ ይዛመታል። አንድ የታመመ ልጅ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 የሚሆኑትን ሊያስይዝ ይችላል፤ ሕመምተኛው ከቤት ከወጣ በኋላም ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት በአየር ውስጥ ይቆያል። የሳንባ ምች፣ ብርቱ ተቅማጥና ዓይነ ስውርነት ያስከትላል። ሰውነት ቀድሞ ያካበተውን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክምም፣ ከኩፍኙ የዳነ ልጅ ከወራት በኋላ በሌላ በሽታ ሊወድቅ ይችላል። ኮሮና ይበልጥ የሚበረታው በአረጋውያን ላይ ሲሆን ኩፍኝ ግን የሚበረታው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። እንግዲህ ልጅን ከአንዱ ለመሰወር ብሎ ለሌላው ማጋለጥ ምን ይጠቅማል?

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም» የሚለው አባባል ብዙ ሕፃናትን ከሕክምና አስቀርቷል። የታመመው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ቫይታሚን ኤ ሊሰጠው ይገባል፤ ጤነኛው በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይከተባል።

ሌሎቹም ክትባቶች ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ። የሳንባ ነቀርሳና የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት እንደተወለደ ይሰጣል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው ባለ አምስቱ ክትባት ደግሞ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢንና በሂብ ባክቴሪያ የሚመጣውን ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ይከላከላል።

ጥንቃቄ እያደረጉ መከተብ እንደሚቻል አይተናል። በወረርሽኙ ምክንያት ተራዝሞ የነበረው የኩፍኝ ዘመቻ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሮ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከትበዋል።

ወደ ጤና ኬላ ስትመጡ ከሕፃኑ ጋር አንድ ሰው ብቻ ይምጣ። እናት የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ታድርግ፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን መሸፈኛ አይደረግለትም፣ መተንፈስ ሊከለክለው ይችላልና። ስትገቡና ስትወጡ እጃችሁን ታጠቡ፤ ተራ ስትጠብቁ ተራራቁ። የክትባት ካርዱን ያዙ፤ ቢጠፋባችሁም በዚያ ምክንያት አትቅሩ። ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀምርም።

ቀላል ጉንፋን ክትባትን አያስቀርም። ነገር ግን ከቤተሰቡ መካከል የኮሮና ምልክት የታየበት ወይም ተለይቶ እንዲቆይ የታዘዘ ሰው ካለ፣ ከቤት ሳትወጡ አስቀድማችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሯት፤ ሌላ ቀን ትቀጥርላችኋለች።