የቀበቶው ዝምታ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የወደድነው ዓይነ ስውራን መንገድ እንዲያውቁበት ስለሚሠራ ቀበቶ ነው። በቀበቶው ላይ ያሉት ሴንሰሮች ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ፊት ይልኩና ነጥሮ እስኪመለስ ጊዜውን ይለካሉ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 2 ሜትር ርቆ ካለ ምሰሶ ደርሶ ለመመለስ 12 ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ምሰሶው ሲቀርብ ትንሽ ሞተር ወገብን ይነዝራል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚሺጋን ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት 8 ሴንሰር ያለው ቀበቶ ሠርተው ነበር፤ የእነርሱስ የሚያስጠነቅቀው በንዝረት ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ነበር።

አስጊው ነገር ግን ሞተሩ ዝም ሲል ነው። ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ፊት ለፊት ቢቆም ልብሱ ድምፁን ይውጠዋል፤ ግድግዳውም ሰያፍ ቢሆን ድምፁ ወደ ሌላ ወገን ይነጥራል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው «ድምፁ ካልተመለሰ መንገዱ ክፍት ነው» ብሎ ከሆነ፣ ባለቀበቶው ከሽማግሌው ጋር መጋጨቱ ነው።

ይህን ለማወቅ ቀበቶውን ታጥቆ መዞር አይበቃም፤ ስንቱ መንገድ ተሞክሮ ያልቃል? ስለዚህ የመሣሪያውን ጠባይ በሒሳብ ቋንቋ ይጽፉታል፤ ይኸውም የሚገኝባቸውን ሁኔታዎች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ምክንያትና የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ከዚያም ኮምፒዩተሩን «እንቅፋት ከ1 ሜትር በታች ቀርቦ ሞተሩ ዝም የሚልበት ጊዜ አለን?» ብለው ይጠይቁታል። እርሱም የተጻፈለትን አካሄድ ሁሉ ይመረምራል፤ ስሕተት ካገኘ እርምጃ በእርምጃ ያሳያል። ይህን የምርመራ ዘዴ ስላስገኙ ክላርክ፣ ኤመርሰንና ሲፋኪስ የ2007 (እ.ኤ.አ.) የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ጊዜውም ቀላል ነገር አይደለም። በየ0.1 ሴኮንድ የሚለካ ቀበቶ በአንድ የተሳሳተ ልኬት እንዳይደነግጥ ሁለተኛውን ይጠብቅ ቢባል፣ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚራመድ ሰው እስከዚያ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሊቀርብ ይችላል።

እንግዲህ እኛ እንደሚመስለን «ሩቅ ነው» እና «አልሰማሁም» የተለያየ ምልክት ሊኖራቸው ይገባል። እርግጥ ሰፊ ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ነገር ስለሌለ «አልሰማሁም» ማለት ይበዛና ባለቤቱን ያሰለቸው ይሆናል። ቢሆንም ከሐሰተኛ ዝምታ ይሻላል እንላለን።

ኮምፒዩተሩ የሚመረምረው ደግሞ የተጻፈለትን ብቻ ነው። ወደ ፊት ብቻ የሚመለከት ቀበቶ ምርመራውን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ክዳኑ የተነሣ የውሃ ቦይ አይታወቀውም፤ ያንን የሚያገኘው ዛሬም ነጩ በትር ነው።