የናፍጣ መኪና እርጅናና የአቃቂ ጢስ

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከአቃቂ በሰቃ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች የመኪናን ዕድሜ የምንለየው በሰሌዳው ሳይሆን በጢሱ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ ካሚዮን ቃሊቲ ሲደርስ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ስለ ሆነ፥ ለቆላ አየር ተመጥኖ የሚረጨው ናፍጣ በደንብ አይቃጠልም፤ ትርፉ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ በዚህ ላይ እርጅና ሲጨመር ምን ይሆናል? ኖዝሉ ይበላና ናፍጣውን እንደ ጉም መበተኑን ትቶ ያንጠባጥባል፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ይደፈናል፤ ጥቁር ጢስ ከዚህ ይመጣል። የፒስተኑ ፋሻ ሲያልቅ ደግሞ ዘይት እየሾለከ አብሮ ስለሚቃጠል ጢሱ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ነገር ግን መርዙ ሁሉ ከዕድሜ ጋር እኩል አያድግም። ናይትሮጂን ኦክሳይድ የሚወለደው ቃጠሎው እጅግ ሲግል ነውና፥ የደከመ ሞተር በጥላሸት ቢብስም በዚህኛው ላይብስ ይችላል። አዲስ መሆንም ዋስትና አይደለም፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የፎልክስቫገን ማታለል ሲጋለጥ፥ ጢሳቸው የማይታይ መኪናዎች ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ናይትሮጂን ኦክሳይድ ይተፉ እንደ ነበር ታውቋል።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣን ጢስ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከበድ ያለ ታክስ ጣለባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱም በር ላይ የቆሙ ዘበኞች ናቸው፤ ቀድሞ የገባውን አሮጌ ካሚዮን አይነኩትም። እንዲያውም ምትኩ ሲወደድ ባለቤቱ ያንኑ ይዞ ይቆያል። እኛም አንፈርድበትም፤ ልጆቹን የሚያበላው በእርሱ ነው። ኖዝል ማስጠገን ግን ካሚዮን ከመለወጥ እጅግ ይቀላል።

አንድ መካኒክ እንዳጫወተን ከሆነ፥ አንዳንዶች ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ የናፍጣውን መጠን አስቀንሰው ይሄዳሉ፤ ካለፉ በኋላ መልሰው ያስጨምራሉ። ባዶውን ግቢ ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመረመር መኪና በቀረው ጊዜ ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚተፋውን አይናገርም።

ስለዚህ የምሕንድስና መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፤ የጢስ መለኪያ ያውሱን። ከአቃቂ ድልድይ ወደ ቃሊቲ በሚወጣው መንገድ ዳር፥ ሹፌሮቹን እያስፈቀድን፥ ካሚዮኖቹን ከነጭነታቸው እንለካለን።